ዘይነባ የወሰደችብኝ ባንድ

ጥር 6፣ ጠዋት
ዘይነባ ናት። ሌላ ማንም አይደለም። ገበያ ላይ የምሸጠውን ቅቤ ፀሐይ እንዳያገኘው ጥላ ሥር ሳስገባ አንድ ባጃጅ ባንዴን እያስጮኸ አለፈ። ባንዴን! ደብተሬ፣ ነገሌ ውስጥ እነዚያን ሰዎች የማውቃቸው እኔ ብቻ ነበርኩ። ስማቸው በእንግሊዝኛ ነው፣ አላነበውም። የዘፈናቸው ሽፋን ላይ የደረቀ የውኃ ጉድጓድ ስላለ «ጉድጓዶቹ» እላቸዋለሁ። ዘፋኙ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል። ከዚያ ድንገት ሁሉም ዝም፤ አንድ ጊታር ብቻ ይቀራል። እዚያ ላይ ሆዴ ይባባል። ፈልጌ ያገኘሁት እኔ ነኝ። የላክሁትም ለወንድሜ ልጅ ለሲፈን ብቻ።

ባጃጁን አስቁሜ ከየት አመጣኸው አልኩት። ዘፈን ጫኟ ዘይነባ ሱቅ አስጭኖ ነው። «ጥሩምባ ይቆጥብልኛል፣ አዴ፣ እናቴ። ሰው ገና ከሩቅ ይሸሻል!» ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ከሰዓት
ገባኝ። ባለፈው ሳምንት የኦሮምኛ ዘፈን እንድትጭንልኝ የስልኬን ሚሞሪ ሰጥቻት ነበር። ዘፈን ጫኞች ሁሉ እንዲህ ናቸው፤ እየጫኑልህ ካንተ ደግሞ ጥሩ ጥሩውን ይገለብጣሉ። ማንም አይከለክልም። ሱቋ ከመደቤ አጠገብ ነው፣ ስታደርገው ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ረሳሁት። ቂል!

ጥር 9
ሄድኩባት። አካም ብዬ ሰላም እንኳ ሳልላት። ለምን ወሰድሽብኝ አልኳት፣ ደንበኞቿ ፊት።
«አዴ፣ ዘፈን ጊደር ነው እንዴ? ምልክትዎ የታለ?»
ሱቁ በሙሉ ሳቀብኝ። ሰዎቹ ሲወጡ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ጊታሩ ብቻውን ሲቀር ሟቹ ባሏ ትዝ ብሏት እንዳለቀሰች ነገረችኝ። እዚያው ቦታ ላይ! እሱንም አልተወችልኝም።

ጥር 15
ሲፈን ሐዋሳ ትማራለች። አባቷ ሲማር እኔ ወተት እሸጥ ነበር፤ ለእኔ ፊደል የደረሰኝ ካረጀሁ በኋላ ነው። ያስቆጠረችኝም እሷ፣ ሁለተኛ ክፍል ሳለች፣ የቤት ሥራዋን እየሠራች። እነዚህን ባንዶችም ያስለመደችኝ እሷ ናት። የሚያለቅሱት ኢሞ፣ የሚጮኹት ፖስት ሃርድኮር። የታወቁትን አንወድም። ሰው ያልደረሰባቸውን ፈልጎ መላክ፣ ጨዋታችን ይሄ ነው። አዲስ ስልክላት አዳዳ፣ አክስቴ፣ እያለች በድምፅ ትመልስልኛለች። ያንን ድምፅ ከዘፈኑ የበለጠ ደጋግሜ እሰማዋለሁ።

የዛሬው ድምፅ፦ «አዳዳ፣ ዘይነባ እኮ ጉድ ናት! የጉድጓዶቹ ዘፋኝ በፊት የነበረበትን ባንድ አግኝታ ላከችልኝ። ሰሙት?»

አልሰማሁትም። ዘይነባ የሲፈንን ቁጥር ከየት አገኘች? ደግሞ እኔን አንቱ፣ እሷን እንደ እኩያዋ! ዘይነባ አሥራ ሁለተኛ ጨርሳለች። ስም ታነባለች፣ ከስም ወደ ስም እየተሻገረች ታገኛለች። እኔ በሥዕል ነው የምፈልገው፣ ያውም ጣቴ ቅቤ ሆኖ ስልኩ እምቢ እያለኝ።

ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ጥር 23
አንድ አገኘሁ! ሽፋኑ ላይ ባዶ ወንበር። ከበሮው ከጊታሩ ወደ ኋላ ይጎተታል፤ ሴቲቱ ታንሾካሹክና ትፈነዳለች። ላክሁ። መልስ፦ ዘይነባ ትናንት ልካልኛለች፣ ግን አመሰግናለሁ አዳዳ። «ግን»!

በቀጥታ ወደ ዘይነባ። ሲፈን ፈተና ደርሶባታል፤ መላኩን ብትተይላት ትወዳለች፣ ልትነግርሽ አፍራ ነው አልኳት። ውሸት። ፊቷ ክስም አለ። ናጋ፣ ደህና ዋይ ብያት ወጣሁ። ደስ አለኝ። ምሳዬንም ጥርግ አድርጌ በላሁ።

የካቲት 10
ሲፈን ለዕረፍት መጣች። ከእኔ ጋር መደቡ ላይ ዋለች። አንዱ የጆሮ ማዳመጫ በእሷ ጆሮ፣ አንዱ በእኔ። የፈለግሁት ይሄንኑ ነበር። ዓይኗ ግን ወደ ዘይነባ ሱቅ። ዘይነባ መላክ አቁማለች፤ አስቀይሜያት ይሆን እያለች ሲፈን ትጨነቃለች። እኔ ቅቤ አገላብጣለሁ።

የካቲት 11
ሲፈን እጄን ይዛ ዘይነባ ሱቅ ወሰደችኝ። ፊት ለፊት ጠየቀቻት፣ ምን አድርጌሽ ነው ብላ። ዘይነባ እኔን አየችኝ። አሁን ትናገራለች፣ አሁን ልጄን አጣሁ አልኩ።
«ኔትወርክ ነዋ፣ የኔ እናት! እዚህ አገር ኔትወርክ አለ ብለሽ ነው?»
ሲፈን ተጠመጠመችባት። ዘይነባ በሲፈን ትከሻ በኩል አየችኝ። አልሳቀች፣ አልተቆጣች።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በትምህርት በለጠችኝ፣ በእንግሊዝኛ በለጠችኝ፣ አሁን ደግሞ በዚህ።

የካቲት 17
ሲፈን ዛሬ ሄደች። ከመሄዷ በፊት በስልክ ግሩፕ ከፈተችልን፣ ለሦስታችን። ያገኘ ይለጥፍ አለች፣ እንደ ሕፃን እያጨበጨበች። ገና መኪናው ሳይነሳ ዘይነባ አንድ ለጠፈች። ጥሩ ነው። ጥሩ መሆኑ ነው የሚያቃጥለኝ።

ከግሩፑ አልወጣም። እነሱ የላኩትን እሰማለሁ። ጥሩ ከሆነም ጥሩ ነው እላለሁ፣ አፌ አይሰበርም።

ግን ዛሬ ጠዋት ሌላ ባንድ አግኝቻለሁ። ሽፋኑ ላይ ምን እንዳለ ለአንተም፣ ደብተሬ፣ አልነግርህም። ለግሩፑም፣ ለብቻዋ ለሲፈንም፣ ከእንግዲህ ያገኘሁትን አልልክም።