ባንኮክ ላይ የሚበላ ቁርስ

ሐምሌ 3

«ሰላም ጋሼ። ነሐሴ መጨረሻ ባንኮክ ነኝ። ሆቴላችን ቁርስ አለው፣ እዛው ና፣ እንበላለን። ያለፈው አልፏል፣ አታንሳው።»

በእንግሊዝኛ ፊደል የጻፈውን ኢሜይል ቃል በቃል በአማርኛ ፊደል ገለበጥኩት። ወንዳፍራሽ ነው፣ ታናሽ ወንድሜ። ስምንት ዓመት ተኳርፈን ቆይተን የመጀመሪያ ቃሉ ይኼ ሆነ። አታንሳው...

ሎረንስቪል፣ አታላንታ አጠገብ፣ ቢሮ ዋልኩ። የሰው ቤት ፕላን ስመረምር። አንዱ ኮንትራክተር የእሳት መውጫ ረስቶ ነበር፤ መለስኩበት። ትንሽ ነገር ናት ብሎ በስልክ ሲከራከረኝ ቆየ። ለማን ትንሽ?

ሐምሌ 6

ከቸርች በኋላ ስኔልቪል፣ ጋሽ ካሳሁን ቤት። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ዕርቁን የያዙት እሳቸው ናቸው። ኢሜይሉን አነበብኩላቸው። ሳቁ። ነጋዴ ሲጽፍ እንዲህ ነው፣ አትቀየመው አሉኝ።

ባንኮክን የመረጡትም እሳቸው ናቸው። ወንዳፍራሽ የአሜሪካ ቪዛ ተከልክሏል። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ እሱ ቤት አልገባም ብያለሁ። ልብስ ሊያመጣ በዓመት ሁለቴ ታይላንድ ይሄዳል። ለሁለታችሁም ባዕድ አገር ነው፣ ማንም ባለቤት ማንም እንግዳ አይሆንም አሉ። ወንዳፍራሽ እዚያ ቀኑን ሙሉ ገበያ ይዞራል፤ ያለው ጊዜ ጠዋት ብቻ ነው። ስለዚህ ቁርስ።

«ከአንድ ገበታ ትበላላችሁ። ከበላችሁ በኋላ ግን፣ ዳኘው፣ ነገሩ ተዘጋ። ማንም ማንንም አይጠይቅም።»

እሺ አልኩ። እየበላን እጠይቀዋለሁ ብዬ ነው እሺ ያልኩት።

እማዬ ስትሞት አጠገቧ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ለእኔ የነገረኝ ከአምስት ወር በኋላ፣ በፖስታ። «ብቻህን ስለሆንክ እንዳትጎዳ ብለን ነው።» በእነዚያ ወራት ስደውል «ተኝታለች፣ ደህና ናት» ይለኝ ነበር። ሰላም በልልኝ እለው ነበር። እሺ ይለኛል...

ለምን እንደዚያ አደረገ? መጨረሻ ላይስ እማዬ ጠርታኝ ነበር? ሌላ ማንን ልጠይቅ?

ሐምሌ 13

ሚካኤላ ከሮዝዌል መጣች። ልጄ ናት፣ ባንክ ውስጥ ትሠራለች፣ የጀመረችውን ነገር መጨረስ ታውቃለች። ባንኮክ ውስጥ ቁርስ የት ይበላል የሚለውን ከኢንተርኔት ፕሪንት አድርጋ ይዛልኝ መጣች።

ቁጭ ብዬ አነበብኩ። አንዱ ፓንኬክ በልቶ ተደስቷል። ፓንኬክ ሊበላ እዚያ ድረስ! ሌላው ስለ ወንዙ እንጂ ስለ ምግቡ አንድ ቃል አልጻፈም። ሆቴሎቹ ሁሉ ሰው የየራሱን ሳህን ይዞ የሚሰለፍባቸው ናቸው። ያ አብሮ መብላት ነው? ካፍቴሪያ ነው። ሳህኑን ሊሞላ ብሎ አሥር ጊዜ ይነሳብኛል።

ለሁለት ሰው አንድ ሳህን የሚያቀርብ፣ ረጅም ሰዓት የሚያስቀምጥ ቤት ፈልጊልኝ አልኳት።

«ዳድ፣ ሲሪየስሊ... ለምን ዝም ብለህ ደውለህ አትጠይቀውም?»

በስልክ «ተኝታለች» ያለኝ ሰው ነው። ይኼን አልነገርኳትም። እሺ እፈልግልሃለሁ ብላ ሄደች።

ሐምሌ 19

ቢውፈርድ ሃይዌይ ላይ አንድ የታይ ምግብ ቤት ገባሁ። ባለቤቷ ሴት ቁጭ ብላ አነጋገረችኝ። ጠዋት የሩዝ ሾርባ ነው አለች፤ ለየራስ፣ በየሳህኑ፣ መንገድ ዳር፣ ቶሎ ቶሎ። ምግቡ መሐል ተቀምጦ አብሮ የሚበላው ማታ ነው። ጠዋትማ ማን ጊዜ አለው ብላ ሳቀች። ወንዳፍራሽን የምታውቀው መሰለኝ።

ሳልበላ ወጣሁ።

ሐምሌ 29

ሚካኤላ ቢሮ ደወለች። አገኘች። አሮጌው ከተማ ውስጥ ጥንት የተከፈተ ቁርስ ቤት። እንቁላል ከነመጥበሻው ይመጣል፣ ከዳቦ ጋር። መጥበሻው ለአንድ ሰው የሚሆን ትንሽ ስለሆነ ተለቅ ያለ አላቸው ወይ ብላ ባንኮክ ድረስ ደውላ ጠይቃልኛለች። አላቸው። ማንም ተነሱ አይልም። ግድግዳውን ተጠግቶ አግዳሚ ወንበር አለ።

እሱን ግድግዳው በኩል አስቀምጠዋለሁ።

አድራሻውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን ጽፌ ላክሁለት። መልሱ፦ «ሩቅ ነው። ግን እሺ ጋሼ።»

ነሐሴ 19

ነገ በረራ። ሱሪዎቼ ሁሉ ለባንኮክ ሙቀት አይሆኑም። እንዴት ብዬ ልጀምር? ከሰላምታው በፊት? ዳቦው ሲቆረስ?... እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ነሐሴ 27

ተመለስኩ። እዚያ ሆኜ መጻፍ አቃተኝ።

መጣ። አርፍዶ፣ ግን መጣ። ሸብቷል። አባታችንን ቁርጥ። ሳምኩት። ግድግዳው በኩል ተቀመጥ ስለው እዚህ ይሻለኛል ብሎ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሞባይሉን ጠረጴዛው ላይ አደረገ፤ ሁለት ጊዜ ጮኸ፣ ሁለቱንም አነሳ። ስለ ካርቶን ነው፣ ስለ ጭነት።

መጥበሻው መጣ። እንቁላል፣ ሽንኩርት፣ ቀጫጭን ቋሊማ። በእጃችን በላን፣ ዳቦ እየቆረስን። ወፈር ያለውን ቁራሽ ወደ እኔ ይገፋዋል። ስለ ሚካኤላ ጠየቀኝ። አታላንታ ይሞቃል? ይሞቃል አልኩ። ቀጣዩ ቁራሽ ላይ እጀምራለሁ... ቀጣዩ ላይ...

«ወንዳፍራሽ፣ እማዬ ያኔ...»

እጁ አፌ ላይ ደረሰ። ጉርሻ ጠቅልሎ።

«እንካ ጋሼ። በሞቴ።»

ጉርሻ ይመለሳል? ጎረስኩ። ትልቅ ነበር። እኔ ሳኝክ እሱ እጁን ጠረገ፣ ሞባይሉን አነሳ፣ ከኋላዬ ዞሮ ግንባሬን ሳመኝ። ገበያው ይከፈትብኛል አለ። እንግዲህ ታረቅን አለ። ዓይኑ ቀልቷል። በርበሬ እንዳልል እንቁላሉ በርበሬ አልነበረውም።

ሳልውጠው ወጣ።

ወዶኝ ነው ያጎረሰኝ ወይስ አፌን ሊዘጋ? ሁለቱም ከሆነስ? በረራውን ሙሉ ይኼን ሳስብ መጣሁ። አላወቅኩም።

ነሐሴ 28

ሚካኤላ ደወለች። ቦታው እንዴት ነበር? እንቁላሉ ጥሩ ነበር አልኳት። «አየህ? ነግሬሃለሁ እኮ» አለች። ደስ ብሏታል። ያን ያህል ስትለፋልኝ ቆይታ ሌላ ምን ልበላት?

ጳጉሜን 2

ቸርች። ሰው ሁሉ አቀፈኝ። ወሬው ደርሷል። ጋሽ ካሳሁንን ምሳ ላይ ለብቻ ጎትቼ ወንዳፍራሽን አልጠየቅኩትም አልኳቸው። አልገባቸውም መጀመሪያ።

«አብራችሁ በላችሁ፣ አጎረሰህ። ሌላ ምን ቀረህ?»

የእማዬ ነገር ቀረኝ አልኩ። ፊታቸው ተለወጠ። አሁን ከጠየቅክ ዕርቁን ያፈረስከው አንተ ነህ አሉኝ። ልክ ናቸው። እሺ ብያለሁ፣ በአፌ።

ተጣልተን ሳለን የመጠየቅ መብት ነበረኝ። ያን መጥበሻ ፍለጋ ስዞር የከረምኩት መብቴን ልበላው ኖሯል።

መስከረም 1

ወንዳፍራሽ ደወለ። በስምንት ዓመት የመጀመሪያው። እንኳን አደረሰህ ጋሼ። ልጆቹን አንድ በአንድ አቀረበልኝ፤ ድምፃቸውን አላውቀውም። ካርቶኖቹ በደህና ገቡ። ዝናቡ አላቆመም። ጤናህ እንዴት ነው? ደህና። ያንተስ? ደህና።

እንግዲህ እንዲህ ልንሆን ነው? በየበዓሉ፣ ደህና፣ ደህና... እስክንሞት።



መስከረም 8

ለወንዳፍራሽ ደብዳቤ ጻፍኩ። ጋሽ ካሳሁን ዘንድ ሄጄ ግልባጩን ሰጠኋቸው። አንብበው አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «አይመልስልህም» አሉኝ። አውቃለሁ። ዋናውን ፖስታ ቤት ወስጄ በአደራ ላክሁት። ያልኩት ይኼን ነው፦

«ወንድሜ ወንዳፍራሽ፣ ዕርቃችንን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፣ ለሽማግሌውም ነግሬያቸዋለሁ። ማንም ሲጠይቅህ ዳኘው ነው በል። ለምን እንዳልነገርከኝ ከእንግዲህ አልጠይቅህም። ይቅርታ በልም አልልህም። አንድ ነገር ብቻ፦ እማዬ መጨረሻ ላይ ስሜን ጠርታ ነበር? አልጠራችኝም ከሆነም እንደዚያው ጻፈው፣ አታሳምረው። በስልክ አትንገረኝ። እስከ ጥቅምት 15 ድረስ በጽሑፍ መልስልኝ።»