ገጹ ላይ ያስጨመርኩት ቃል

ካርቱም፣ ሳጃና
ጥር 2008 ዓ.ም.

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? እማማስ ጉልበቷ ተሻላት? ልጆቹስ? እኔ ሐምዱሊላህ እያልኩ አለሁ፤ እዚህ አገር ሲቆዩ ምስጋናውም ዐረብኛ ይሆናል።

ስለ ሥራዬ ጠይቀሽኝ ነበር። አል-ሳሃፋ ሰፈር ክሊኒክ ያላቸው ዶክተር ረሺዳ የሚባሉ የዓይን ሐኪም፣ ሰው ስለ ዓይን በሽታ በስልኩ የሚያነበው የኢንተርኔት ገጽ አላቸው። እዚህ ያለው ሐበሻ የሚመጣው ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ነው ብለው በአማርኛም እንዳዘጋጀው ቀጠሩኝ። የመጀመሪያው አልሆነም፤ ፊደሉ ደቃቃ፣ ቃሉ ከባድ። ዓይኑ የደከመ ሰው እንዴት ያንብበው? ፊደሉን አጎላነው፤ ማንበብ ለማይችለውም እኔ በድምፄ ቀዳሁት።

ግላኮማ የሚለው ክፍል ላይ ስደርስ መቅዳቱን አቆምኩ። ሕመም የለውም፣ ዕይታን ከዳር ከዳር እየበላ ይመጣል ይላል። እኔ ደግሞ ከበሩ መቃን ጋር ስጋጭ፣ አጠገቤ ያለውን ብርጭቆ ስጥል፣ ድካም ነው እል ነበር። ዶክተሯ መረመሩኝ። ከዚያ ቀኙ ሄዷል፣ ግራውን ባለበት ለማቆየት እንሞክራለን፣ ኢንሻላህ አሉኝ። አባባ ትዝ አለኝ። ዓይኑ ሲጠፋ ምች ነው ብለን ጠበል ለጠበል ያንከራተትነው ለካ ይኸው ኖሯል።

የጠፋው እንደማይመለስ ገጹ ላይ አልነበረም። ይጨመር አልኩ። ሰው ተስፋ ቆርጦ ይሸሻል ብለው ተከራከሩኝ። ተስፋ ይዞ ቤቱ ከሚቀመጥ አውቆ ይደንግጥ አልኳቸው፤ ተጨመረ። የታማሚው ወንድምና እህትም ይመርመሩ የሚለውንም አስጨመርኩ። አሁን ሳጃና ሻይ ቤት ስቀመጥ፣ ከአንዱ ስልክ የገዛ ድምፄ የጠፋው አይመለስም ሲል እሰማለሁ። እኔ መሆኔን የሚያውቅ የለም። ዶክተሯ የሰጡኝ የዓይን ጠብታም አልያዘልኝ፤ ግራውም እየጠበበ ነው።

ለእማማ እንዳትነግሪያት። ይህን የማስጽፈው ስለ እኔ ብዬ አይደለም። የላክሽውን ደብዳቤ አብራኝ የምትኖረው ራሔል አነበበችልኝ፤ ይህንንም የምትጽፍልኝ እሷው ናት። ባጃጁ ከጎንሽ ሲመጣ ሳታዪው እንደጣለሽ፣ የጎረቤት ሕፃን እግርሽ ሥር ሆኖ ሳታዪው እንደረገጥሽው ጽፈሽ፣ ምን ነካኝ ብለሽ ስቀሽበታል። ራሔልም ሳቀች። እኔ መልሰሽ አንብቢልኝ አልኳት።

እህቴ፣ ጎንደር የዓይን ሐኪም አለ። ወረቀቱ እንደደረሰሽ ሂጂ፤ ገበያውም፣ ማኅበሩም ይቅር። ደህና ነሽ ካሉሽ ደውይልኝ። ካላሉሽም ደውይልኝ።

እመቤታችን ከፊትሽ ብቻ ሳይሆን ከግራ ከቀኝሽም ትቁምልሽ።

ታላቅ እህትሽ