«መጣሁ» ያለው ሰው

ውድ ባለቤቴ፣

ልጃችን ተወልዳለች። ሴት ናት። ጤነኛ ናት፣ ድምጿ ግድግዳ ይሰነጥቃል፣ እኔም ደህና ነኝ። ይህን ያስቀደምኩት አንተ ወሬ ሲንዛዛ ስለማትወድ ነው። «ዋናውን ንገሪኝና ከዚያ እንደፈለግሽ ዙሪ» ትለኝ ነበር። ዋናው ይኸው። አሁን እንደፈለግኩ እዞራለሁ፤ እስቲ አቋርጠኝ።

ካንተ በኋላ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ሆነ፤ «ስትወልጂ ማን አብሮሽ ይሆናል?» እናቴ፣ እንደምታውቀው፣ ወገቧ ከተያዘ ወዲህ ከአልጋ አትወርድም። እህቴ ባሕር ማዶ የሰው ልጅ እያሳደገች ነው፤ ፈቃድ ብትጠይቅ «ከሄድሽ አትመለሺ» ተባለች። በስልክ ስታለቅስ አባባይዋ እኔው ነበርኩ። የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ደግሞ «እኔ እያለሁ!» ብላ ደረቷን መታች። ታውቃታለህ እኮ፤ ያኔ ጣቴን መርፌ ቢወጋኝ ደሜን አይታ ተዝለፍልፋ ወደቀችና እኔ ቁስሌን ትቼ እሷን ውሃ ሳጠጣ ዋልኩ።

ስፌት ቤት ያሉት ሴቶችም ተራ እንግባልሽ አሉ። የክትትሌ አዋላጅ ሳትቀር «እህቴ፣ ሰው ከሌለሽ አትፈሪ፣ ንገሪኝ። ከእናቶች ጎን የሚቆሙ በጎ ፈቃደኞች አሉን፣ አንዷን እጠራልሻለሁ» አለችኝ። ለሁሉም የመለስኩት «ሰው አለኝ» ብዬ ነው።

ሰው ያልኩት አንተን ነው። ሌላ ሰው ከለመንኩ አንተ አትመጣም ማለት ነዋ! እብድ አይደለሁም። አፈር ሲመለስብህ ቆሜ አይቻለሁ። ግን ጠዋት «ራሴን ትንሽ አመመኝ» ብሎ ሻዩን እንኳ ሳይጨርስ የወጣ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ሬሳው መጣ ቢሉህ በየት በኩል ታምናለህ? «ምጥሽ ሲመጣ ከጎንሽ ንቅንቅ አልልም» ያልከኝ አንተ ነህ። ቃልህን አጥፈህ አታውቅም ነበር። እኔም እንደ ሞኝ ቃልህን ይዤ ተቀመጥኩ።

ምጡ የመጣው ሥራ ላይ ነው። የተማሪዎች ዩኒፎርም ኮሌታ እየሰፋሁ ወገቤን ቆረጠኝ፤ ቀና ስል የእንሽርት ውሃዬ ወንበሩ ላይ ፈሰሰ። የስፌት ቤቷ ኃላፊ ጫማዋን እየፈለገች «አብሬሽ ልሂድ» አለች። «የሚጠብቀኝ ሰው አለ» ብያት ታክሲ ውስጥ ለብቻዬ ገባሁ። ባለታክሲው በመስታወቱ እያየ ከኔ በላይ ያምጥ ነበር።

ጤና ጣቢያው ስደርስ የማውቃት አዋላጅ ተረኛ አልነበረችም። የነበረችው ወጣት፣ ፈጣን፣ ምላሷም እጇም የማያርፍ ሴት ናት። ታሪኬን አታውቅም።

«ከማን ጋር መጣሽ?» አለችኝ።

«ብቻዬን። ባለቤቴ እየመጣ ነው።»

እንዲህ ብዬ መለስኩላት፣ ዓይኔን ሳላሽ። ምጡ ጋብ ባለ ቁጥር ደግሞ ትመጣና «አልደረሰም እንዴ?» ትለኛለች። «መንገድ ተዘግቶበት ይሆናል» እላታለሁ። ይህስ ውሸት አልነበረም። ጎኔ ያለው ወንበር ባዶውን ነበር። ሕመሙ ሲነሳ የአልጋውን ብረት እጨብጣለሁ፤ ብረት ደግሞ መልሶ አይጨብጥም። ዕድሜዬን ሁሉ እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

በመጨረሻ የአዋላጇ ትዕግሥት አለቀ። «ይሄ ሰውዬ በዔሊ ነው እንዴ የሚመጣው?» አለችና የክትትል ካርዴ ላይ ያለውን ስልክ ቁጥርህን አይታ ደወለች።

ቁጥርህ እኮ የግልህ አልነበረም። የምትሠራበት ጋራዥ የተረኛ ስልክ ነው፤ አውቶቡስ መንገድ ላይ ሲቆም ሾፌሩ የሚደውልበት። «ሁለት ስልክ መሸከም ምን ያደርጋል» እያልክ ለእናቴም፣ ለአከራያችንም፣ ለሐኪሙም ያንኑ ትሰጥ ነበር። ካንተ በኋላ ደውዬበት አላውቅም። ስልኩም አብሮህ የተቀበረ ነበር የሚመስለኝ። ሲጠራ ግን እኔም ከአልጋዬ ሆኜ ሰማሁት። ተነሳ።

ስሜንና የጤና ጣቢያውን ስም ጠርታ «ሚስትህ ምጥ ላይ ናት፣ አንተ እዚያ ምን ትሠራለህ? በል ቶሎ ድረስ!» ብላ ጮኸችበት። ትንሽ አዳመጠች። ከዚያ ዘጋችውና ፈገግ አለች።

«በቃ፣ መጣሁ ብሏል።»

ልንገርህ? አመንኩ። ቀብርህ፣ ለቅሶው፣ ባዶው አልጋ፣ ሁሉም አንድ ትልቅ ስህተት ሆኖ ታየኝ። ፀጉሬን በእጄ አስተካከልኩ። ፊቴን በአንሶላው ጠረግኩ። አንተ ከሞትክ ወዲህ እንደዚያች ሰዓት ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወደፊትም የሚደግመኝ አይመስለኝም።

በሩ ሲከፈት የገባው አለቃህ ጋሽ ፍሬን ነው። ሠራተኛ ሲጣደፍ ባየ ቁጥር «ፍሬን ያዝ!» ስለሚል አንተው ያወጣህለት ስም። የሥራ ቱታውን እንደለበሰ፣ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ቆመ።

«አባባ፣ ተሳስተዋል፣ ይሄ ማዋለጃ ክፍል ነው» አለችው።

«አውቃለሁ ልጄ።»

«ምኗ ነዎት?»

እሱ እንደሆነ መዋሸት አይችልበትም። «የባሏ አለቃ ነኝ» አለ።

«ባሏስ?»

አንገቱን ደፋ። አዋላጇ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ወደ ግድግዳው ዞሬ አለቀስኩ። ቀብርህ ላይ ያላለቀስኩትን ሁሉ እዚያ አለቀስኩት። «ውጣልኝ!» አልኩት። «የተጠራኸው አንተ አይደለህም!»

«እኔ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ» አለ በቀስታ። «ግን ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። የኛን ቤት ሕግ ታውቂው የለ? ያነሳ ይሄዳል። መንገድ ላይ ቆሜያለሁ ብሎ የደወለን ሰው ተሳስተሃል ብለን ዘግተንበት አናውቅም። ካልፈለግሽኝ ኮሪደሩ ላይ እቀመጣለሁ።»

ሕጉን እንዴት አላውቀውም? አንተን ስንት ጊዜ ከእራት ያስነሳብኝ ሕግ ነው። ሊወጣ ሲዞር ሕመሙ ተነሳብኝና ክንዱን አፈፍ አድርጌ ያዝኩት። ከዚያ በኋላ አልለቀቅኩትም።

ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም ነበር። የራሱን ልጆች ውጭ በር ላይ ቆሞ ነው የተቀበላቸው። አዋላጇ «ዝም ብለው ያናግሯት» አለችው። ስለ ምን እንደሚያናግረኝ ቢጨንቀው «ስለሱ ንገረኝ» አልኩት። ነገረኝ። ማርገዜን የነገርኩህ ዕለት ግቢው ውስጥ የቆሙትን አውቶቡሶች እየዞርክ የሁሉንም ጥሩምባ ነፋህ አሉ፤ ሥራ አስኪያጁ እሳት ተነሳ ብሎ በካልሲ ወጣ። አሮጌ ሞተር አልነሳ ሲልህ «እማማ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ» እያልክ ትለምን ነበር አሉ። የኔን አንተ እንጂ ይህን አንተን አላውቀውም ነበር። እያመመኝ ሳቅኩ፣ እየሳቅኩ አለቀስኩ። ለካ ሳላውቀው የቀረሁት ብዙ ነው። ይህ ደግሞ ሌላ ሐዘን ሆነብኝ።

ሰዓቱ ሲደርስ አዋላጇ «ግፊ! ግፊ!» ስትል እሱም ጨንቆት «ፍሬኑን ልቀቂው ልጄ፣ ልቀቂው!» ብሎ ጮኸ። ዕድሜውን ሁሉ ያዙ ሲል የኖረ ሰው! ልጅህ በዚያ ጩኸት መሀል ወጣች።

ሊጠይቀኝ የሚመጣው ሁሉ «ቁርጥ አባቷ!» ይላል። ሰው ያዘነን ለማጽናናት የማይለው የለም። ላንተ ግን እውነቱን ልንገርህ፤ አትመስልህም። ቅንድቧን፣ አገጯን፣ የእግሯን ጣቶች ሳይቀር አገላብጬ ፈለግኩህ፤ የለህም። ጋሽ ፍሬንን «አንተስ ምን ትላለህ?» ስለው አየት አድርጓት «ራሷን ነው የምትመስለው» አለኝ። ከሁሉም እሱን አመሰገንኩት።

እሱም አዋላጇም ወጥተው ሁለታችን ብቻ ስንቀር አንድ ነገር ልላት ይገባ ነበር። እናቶች የሚሉት አይጠፋም፤ እንኳን መጣሽ፣ እደጊልኝ። አፌ ላይ ቀድሞ የመጣልኝ ግን «አባትሽ እየመጣ ነው» የሚለው ነው፤ ለምዶብኛላ። «አባትሽ…» ብዬ ጀመርኩ። ዓይኗን ገለጠች። ለጎረቤት፣ ለሐኪም፣ ለራሴም ስዋሽ ከርሜያለሁ፤ ለሷ አቃተኝ።

«አባትሽ ሞቷል» አልኳት።

ቃሉን ከአፌ ሳወጣው የመጀመሪያዬ ነው። የሰማችኝም እሷ ብቻ ናት። አላለቀሰችም፤ ርቧት ነበርና ጡቴን ፈልጋ ያዘች።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ በር በር አላይም። ቅር እንዳይልህ። ደህና ሁን፣ የኔ ሰው፤ ከቃልህም ፈትቼሃለሁ።

የልጅህ እናት