የእናትሽ ወንበር በፕሌይ ኦፉ ቀን

ሃግሻው
እሑድ፣ ከቁርስ በኋላ፣ ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው

ውድ ልጄ ሄዘር፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲወጣ ያጉረመርማል፣ ሲወርድ ዝም ይላል። ድንቹ አበባ አውጥቷል፣ ሰላጣውን ግን ቀንድ አውጣ ጨርሶታል። ኸርበርት ክሌግ ሰላም ብሎሻል። ሰላምታው ከስድብ ጋር ነበር የመጣው፣ እኔ ስድቡን አስቀርቼ ሰላምታውን ብቻ ልኬልሻለሁ።

መሸነፋችንን በዓይንሽ አይተሻል። ከሜዳው ማዶ፣ ከክብር እንግዶቹ መካከል፣ ያን የምትሠሪበትን የእግር ኳስ ሊግ ጥቁር ካፖርት ለብሰሽ በብርድ ስትንቀጠቀጪ አይቼሻለሁ። ኮፍያ አላደረግሽም። ጨዋታው እንዳለቀ ወደ ባቡርሽ ሮጠሽ ስለሄድሽ፣ ከእኛ በኩል የነበረውን አላየሽም። የምጽፍልሽም እሱን ልነግርሽ ነው።

በመጀመሪያ ግን ከጨዋታው በፊት በነበረው ሳምንት ስለተደረገው የማክሰኞ ስብሰባ አንድ ነገር ልበል። አንቺ መድረክ ላይ ነበርሽ፣ እኔ ደግሞ ከሻይ ማፍያው አጠገብ። ዓመቱን ሙሉ የከፈልንበት ትኬት ወደ ላይኛው ሊግ ለማደግ ለሚደረገው ጨዋታ፣ ለፕሌይ ኦፉ፣ እንደማይሠራ፣ ሁላችንም እንደገና መግዛት እንዳለብን፣ ክለባችን ሽማግሌና ሕፃን በነጻ ላስገባ ቢል ሊጉ እንደከለከለው ስታስረጂ፣ የደጋፊዎች ማኅበር አዳራሽ እንዲያ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። የሚወርድብሽ ውርጅብኝ እኔም ላይ ያርፍ ነበር። የአንዳንዱን ሰው ፊት አሁንም ገበያ ሳገኘው ሰላም የምለው በግድ ነው።

«ይቺ ልጅ በእኛ የሥጋ ፓይ ያደገች አይደለችም እንዴ?» አለ ኸርበርት ተነሥቶ። «ዛሬ ካፖርት ለብሳ መጥታ ኪሳችንን ትዳብስብን?»

«ፓዩ ጥሩ ነበር፣ ሚስተር ክሌግ» አልሽው። «ግን የበሩ ገቢ የሃግሻው ብቻ አይደለም። ግማሹ ለሌሎቹ ክለቦች ይከፋፈላል። ሰው በነጻ ስታስገቡ የምትለግሱት የራሳችሁን ብቻ ሳይሆን የእነሱንም ነው። አምና የሜዳችሁ መብራት ሲቃጠል በምን ገንዘብ የተሠራ ይመስልዎታል?»

«በጸሎት» አለሽ። አዳራሹ ሳቀ፣ አንቺም ለመሳቅ ትንሽ ቀርቶሽ ነበር።

ያኔ ነው እኔ የተነሣሁት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፣ እኔ ላይ ሁለቱም ደርሰዋል። እናትሽ ካረፈች ጀምሮ የእሷን ወንበር በስሟ እየገዛሁ እንደማቆየው ታውቂያለሽ። ትኬት ቤቷ ዶሪን በየዓመቱ ቀና ሳትል ነው የምትቆርጥልኝ። ስካርፏን ወንበሩ ላይ አነጥፋለሁ፣ የከረሜላው ከረጢት በተርታ ሲዞር እንደ ዱሮው አንድ ሚንት ለእሷ ይቀመጥላታል፣ ማንም ነገሬ አይለውም። ለፕሌይ ኦፍ ግን አንድ ሰው አንድ ትኬት ሆነ፣ ገዢውም በሕይወት ያለ መሆን አለበት ተባለ። ከእኔና ከኸርበርት መሀል፣ በእናትሽ በዊኒ ቦታ ላይ፣ የማላውቀው ሰው ተቀምጦ ቺፕሱን ሲያንኮሻኩሽ ይታየኝ ነበር። እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር።

«ሚስ ኤንትዊስል» አልኩሽ፣ «ባለቤቱ የማይመጣበት ወንበር ሳይሸጥ መቆየት ይችላል ወይ?»

 ኸርበርት እንኳን ጫማውን ማየት ጀመረ። አንቺ ምንም ያልተጻፈበትን ወረቀትሽን ስታዪ ቆየሽ።

«አይችልም፣ ሚስተር ኤንትዊስል» አልሽ። «በስሙ የሚገዛው ሰው ከሌለ ለሽያጭ ይቀርባል። የማንም ቢሆን።»

«የማንም ቢሆን» ስትይ ድምፅሽ ቀጥኖ ነበር። እኔም አመሰግናለሁ ብዬ ተቀመጥኩ።

ተቀይሜሽ ነበር፣ ልጄ፣ አልዋሽሽም። የበጉንና የድንቹን ወጥ ምድጃ ውስጥ አስቀምጬልሽ ነበር። አንቺ ግን የሊግ ሰው ከደጋፊ ቤት ሲወጣ ቢታይ ያስወራል ብለሽ ሆቴል አደርሽ። ወጡን በማግስቱ ኸርበርት በላው፣ ጨው አንሶታል ብሎም አማረረ። ቅያሜዬ ግን ብዙ አልቆየም። የድንቹን አረም ስነቅል ነገሩን ሳብሰለስለው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለእኔ እሺ ብትዪኝ ኖሮ ባፍርብሽ ነበር። ለሌላው የከለከልሽውን ለአባትሽ አልፈቀድሽም። እናትሽም ብትሆን እንደዚያው ነው የምታደርገው፣ እሠራበት በነበረው አውቶቡስ ላይ እንኳን ሳትከፍል ተሳፍራ አታውቅም።

ደግሞ ስትወጪ በሩ ላይ ለኮሚቴው ጣል ያደረግሽው ነገር በከንቱ አልቀረም። «ደንቡ ትኬቱ ይከፈልበት ይላል እንጂ ማን ይክፈል አይልም» ብለሽ የለ? በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ገበያው መሀል ለትኬቱ ገንዘብ ልንሰበስብ ባልዲ ይዘን ቆምን። ሥጋ ሻጩ ሰጠ፣ ፀጉር አስተካካዩ ሰጠ፣ የጎረቤት ከተማ ክለብ ደጋፊ የሆነው ፖስተኛ እንኳን «እንድትሸነፉ ነው የምሰጠው» እያለ ሰጠ። ሽማግሌው ሁሉ፣ የትምህርት ቤቱም ልጆች፣ በየስማቸው ሙሉ ዋጋ ተከፍሎላቸው ገቡ። ኸርበርት አሁን ሐሳቡ የእኔ ነው እያለ ያወራል፣ እኛም ትተነዋል።

አሁን ወደ ወንበሩ ልመለስ። ሽያጩ በተከፈተ ቀን ዶሪን መስኮት ጋ ሄድኩ። ምን ልጠይቃት እንደሄድኩ እኔም አላውቅም።

«ሄዷል፣ ክሊፍ» አለችኝ ገና ሳልናገር። «መስመሩ ሲከፈት የመጀመሪያዋ ደዋይ ናት የወሰደችው። በሙሉ ዋጋ።»

«ማን ናት?»

«ስም መናገር አይፈቀድልኝም፣ ደንብ ነው» አለችና መነጽሯን ጠረገች። «ብቻ የአባቷን ስም ስትነግረኝ፣ ፊደሉን ድገሚልኝ አላልኳትም።»

የእኛን ስም ባንክ ቤቱም ሐኪም ቤቱም ሳያስደግም ጽፎት አያውቅም። እንግዲህ ዶሪን ጎበዝ ጸሐፊ ናት ብዬ አመስግኜ ወጣሁ። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም፣ አሁንም ማን እንደገዛው አላውቅም።

በጨዋታው ቀን ዝናቡን አይተሻል። ጥላ ፎቁ እንደ ልማዱ ያፈስ ነበር፣ ጠብታውም እንደ ልማዱ ኸርበርት አንገት ውስጥ ይገባ ነበር። ወንበሩ ባዶ ነበር። ጨዋታው ሊጀመር ሲል አንድ ረጅም ሰውዬ፣ ከላይ በኩል ውሃ የፈሰሰበት፣ ወደ እኛ መጣ።

«ሰው አለበት?» አለ።

«አለበት» አለው ኸርበርት።

«ማንም አይታየኝም እኮ።»

«ከፍላለች» አለው። «ለሊጉም፣ ለክለቦቹም፣ ለሁሉም ድርሻ ድርሻቸውን ከፍላለች። መምጣት አለመምጣት የራሷ ጉዳይ ነው።»

ለደንብ ሲከራከር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሰውዬው ሄደ። ስካርፏን አነጠፍኩ። የሚንቱ ከረጢት ከወዲያ ጫፍ መጥቶ እኛ ጋ ሲደርስ ኸርበርት አንድ አውጥቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠና «ወፍራሟን ነው የመረጥኩላት» አለኝ። ወደ ማዶ አየሁ፣ አንቺም ወደ እኛ ታዪ ነበር። እጄን ላወዛውዝልሽ ብዬ ተውኩት፣ ነገር ይሆንብሻል ብዬ።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። አገባን፣ አገቡብን፣ መለያ ምት ሆነ። አምበላችን የመታትን ኳስ የጋዝ ፋብሪካው ጓሮ ውስጥ እስካሁን እየፈለጓት ነው። ሊመታ ሲንደረደር ግን ኳሷን አልነበረም የማየው። ከማዶ ሁለት እጅሽን አፍሽ ላይ ጭነሽ፣ በጣቶችሽ መሀል አጮልቀሽ ስታዪ አየሁሽ። እናትሽ እንደዚያ ነበር መለያ ምት የምታየው። ለሊግ ሰው የሚፈቀድ አይመስለኝም፣ እኔ ግን ለማንም አልናገርም። አለቀስኩ። ኸርበርት ስለ ኳሷ መስሎት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፣ እኔም አላረምኩትም።

ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበላቸው። ወደ ቤት ስንመለስ ዓሣና ድንች ጥብስ ገዝተን እየበላን፣ ኸርበርት የሚመጣውን ዓመት ቡድን መንገድ ላይ ሠርቶ ጨረሰ። አላደግንም፣ ግን ተሰብስበን ነው ያላደግነው። ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የሚመጣውን ዓመት ትኬት ላድስ ዶሪን ጋ ሄጄ ነበር። ከእንግዲህ የእናትሽ ወንበር በሕይወት ባለ ሰው ስም መሆን አለበት አለችኝ፣ ልክ ናት። ስም ሰጥቻታለሁ። ፊደሉን አልጠየቀችኝም። ስካርፉን አጥቤ ምድጃው አጠገብ አስጥቼዋለሁ። የሊግ ሠራተኛ በዕረፍት ቀኗ ከአባቷ ጎን እንዳትቀመጥ የሚከለክል ደንብ ካለ ጻፊልኝ። ከሌለ ነሐሴ ላይ የመጀመሪያው ጨዋታ እዚሁ ነው፣ ኮፍያ ይዘሽ ነይ። ወጡን ጨው ጨምሬ እሠራዋለሁ።

ባቡርሽ አይዘግይብሽ፣ አለቆችሽ ይውደዱሽ፣ ሥራሽ ይቅናሽ። እግዚአብሔር በምትገቢበት በምትወጪበት ይጠብቅሽ።

አባትሽ
ክሊፎርድ ኤንትዊስል

ሳልጽፈው የረሳሁት፦ ያን ወንበር የገዛችውን ሴት በሥራሽ በኩል የምታገኚያት ከሆነ፣ ሚንቷን ማንም አልበላባትም በያት። እቤት ሰዓቱ አጠገብ አስቀምጬላታለሁ።