ለእሑድ የጠራሁት ስብሰባ ቅዳሜ ስለመደረጉ

ቀን፦ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክፍለ ከተማው የሕዝብ ቅሬታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ

አመልካች፦ መሸሻ ይፍሩ

ጉዳዩ፦ ታች ሜዳን የመኪና ማቆሚያ ለማድረግ ተላለፈ የተባለው ውሳኔ እንዲታገድና የስብሰባው ቀን እንዴት እንደተለወጠ እንዲጣራልኝ ስለመጠየቅ

ክብርት ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች የስልሳ አንድ ዓመት ሰው ስሆን፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል በላይ ባለው ሰፈራችን ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ። በወጣትነቴ የታክሲ ረዳት፣ ኋላም ተራ አስከባሪ ስለነበርኩ ድምፄን የማያውቅ የለም። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት በድምፅ ማጉያ እየዞርኩ የቀብር ሰዓት፣ የክትባት ቀን፣ የጽዳት ዘመቻና የስብሰባ ጥሪ ለነዋሪው ሳሰማ ቆይቻለሁ። እስከ ዘንድሮ ግንቦት ድረስ «መሸሻ አሳሳተን» ያለ ሰው አልነበረም።

2. ረቡዕ ግንቦት 13 ቀን ከሰዓት በኋላ የመንደራችን ኮሚቴ ጸሐፊ አቶ አክሊል ስልክ ደወሉልኝ። «ጋሽ መሸሻ፣ በታች ሜዳ ጉዳይ ስብሰባ አለ። እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ አዳራሽ፣ ብለው ይንገሩልን» አሉኝ። እሑድ ቅዳሴ እንዳለ፣ የጸሎት ቤት ሰዎችም ፕሮግራም እንዳላቸው ነገርኳቸው። «ግድ የለም፣ የመጣ ይመጣል» ብለው ዘጉት። ባለቤቴ ወይዘሮ ብርቅነሽ አጠገቤ ምስር እየለቀመች ስለነበር፣ ስልኩም በስፒከር ስለነበር፣ ሁሉንም ሰምታለች።

3. ታች ሜዳ ማለት ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ የለቅሶም የሠርግም ድንኳን የሚተከልበት፣ ሰፈሩ ያለው አንድ ደልዳላ ቦታ ነው። ሌላው ሁሉ ዳገት ነው። ስለዚህ ጥሪውን ከሌላው ጊዜ አጥብቄ ነው ያሰማሁት፤ ዓርብ ሁለት ጊዜ፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ጊዜ። አቶ አክሊል ቤታቸው መንገድ ላይ ነው። ዓርብ ዕለት በራቸው ላይ ቆሜ «እሑድ ሦስት ሰዓት» ስል ብቅ ብለው እጃቸውን አንስተው ሰላም አሉኝ። ተሳስቼ ከነበረ ያኔ ለምን አላረሙኝም?

4. እሑድ ከሁለት መቶ የማያንስ ሰው አዳራሹ በር ላይ ተሰበሰበ። በሩ ተቆልፎ ነበር። ስብሰባው ቅዳሜ በአሥር ሰዓት አሥራ ዘጠኝ ሰዎች በተገኙበት ተደርጎ፣ ሜዳው የመኪና ማቆሚያ እንዲሆን «በሙሉ ድምፅ» መወሰኑን እዚያው ቆመን ከአዳራሹ ዘበኛ ሰማን። አሥራ ዘጠኙ ማን ጠርቷቸው እንደመጡ እስካሁን የነገረኝ የለም። ሕዝቡ ወደ እኔ ዞረ። አንድ የማከብራቸው ሰው «ስንት ሰጡህ?» አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ተኛሁ።

5. አቶ አክሊልን ሄጄ ስጠይቃቸው «ቅዳሜ ነው ያልኩዎት፣ ጆሮዎ ነው» አሉኝ። ማክሰኞ ደግሞ በአዳራሹ ሰሌዳ ላይ ግንቦት 12 ተጽፎ የወጣ የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ፤ «ቅዳሜ አሥር ሰዓት» ይላል። ከዚያ በፊት በዚያ ሰሌዳ በኩል ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ እግዚአብሔር ያውቃል፤ አላየሁትም። ያም ሆኖ፣ ክብርት ኃላፊ፣ እውነቱን ልናገር፣ ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ። ባለቤቴን «እሑድ ነው ያለው አይደል?» እያልኩ በቀን አራት አምስት ጊዜ እጠይቃት ነበር። በመጨረሻ «አንተ ሰውዬ፣ እኔንም ልታጠራጥረኝ ነው» ብላ ተቆጣች። ሄጄ ጆሮዬን ተመረመርኩ። ግራው ትንሽ ደክሟል፣ ቀኙ ደህና ነው፤ የሐኪሙን ወረቀት አያይዣለሁ።

6. ማክሰኞ ሰኔ 3 ቀን ጎረቤታችን ወይዘሮ አስቻለች አረፉ። ቀብራቸው በስምንት ሰዓት መሆኑን እንደ ወትሮው ዞሬ ተናገርኩ። ሕዝቡ ግን እኔን አላመነም፤ ሰዓቱን ለማረጋገጥ ለቅሶ ቤት ስልክ ይደውል ጀመር። ልጃቸው ሮሐ እናቷን አስተኝታ፣ እያለቀሰች፣ «አዎ፣ ስምንት ሰዓት ነው፣ ትክክል ነው» እያለች ስትመልስ በጆሮዬ ሰማሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፅ ማጉያውን አላነሳሁም።

7. ከቀብር መልስ ኮፒ ቤት ያላት ሰምሀል ቤቴ መጣች። ሰሌዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ የጻፈችው እሷ መሆኗን፣ የታዘዘችውም ከስብሰባው በኋላ ሰኞ ግንቦት 18 መሆኑን ነገረችኝ። «ቀኑን ግንቦት 12 አድርጊው አሉኝ፤ በጊዜው ሳይጻፍ የተረሳ ወረቀት መስሎኝ ነበር» አለች። ፋይሉ የተሠራበት ቀን ኮምፒውተሯ ላይ አለ። ያዘዛትን ሰው ስም ግን ለእኔ መናገር ፈርታለች፤ ለመሥሪያ ቤትዎ ግን እናገራለሁ ብላለች።

8. ይህን የሰማነው እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን። በማግስቱ አቶ አክሊል አዲስ ድምፅ ማጉያ ከነካርቶኑ ይዘው ቤቴ መጡ። «ያረጀውን ይጣሉት፤ ያለፈው አልፏል» አሉ። ማን ምን እንደነገራቸው አላውቅም። ካርቶኑን ሳልከፍት መለስኩላቸው። ከዚያ ወዲህ መስኮት ዘግቼ ነው የማወራው፤ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ እኖራለሁ አላልኩም ነበር።

9. ሌላው፣ የአጥር ብረት የጫነ መኪና ሜዳው ዳር ያራገፈው ሐሙስ ግንቦት 14 ነው፤ ስብሰባው ከመደረጉ ሁለት ቀን በፊት። ያልተወሰነ ነገር ብረቱ ቀድሞ እንዴት ይመጣል? ማንንም በስም አልከስም። ግን መጠርጠሬን አልደብቅም።

ስለዚህ የሚከተለው እንዲፈጸምልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፦

ሀ. ብረቱ መተከል ሳይጀመር ውሳኔው እንዲታገድ፣ ሰምሀልም ስጋት በሌለበት ቦታ ቃሏን እንድትሰጥ፤

ለ. ቃለ ጉባኤውና የተሰብሳቢዎቹ ስም ለነዋሪው እንዲገለጽ፤

ሐ. ስብሰባው በድጋሚ እንዲጠራና የጥሪው ቀን በማኅተም ተጽፎ እንዲሰጠን። ጥሪውን የሚያሰማው ሌላ ሰው ቢሆንም ቅር አይለኝም።

ማጣሪያው ጥፋተኛ ነህ ካለኝ፣ በዚያው ስብሰባ ሕዝቡ ፊት ቆሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጥፋቱ የሌላ ሰው ሆኖ ከተገኘ ደግሞ፣ ያ ሰው እዚያው ቆሞ «እሑድ ብዬው ነበር» ይበል። ሮሐም ባለችበት ይበለው። ሌላ ካሳ አልፈልግም።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

መሸሻ ይፍሩ
(ፊርማ)

አባሪ፦ የጆሮ ምርመራ ውጤት፣ የማስታወቂያው ፎቶ