አዳማ ላይ የተለቀሰልሽ ለቅሶ

እህቴ ይርገዱ፣

ከግሪኩ ሱቅ እኔና አንቺ ተሻምተን ለኔ የቀረችውን ያቺን የፓሪስ ጥቁር ሐር ቀሚስ ለብሼ፣ ባቡሩ ውሃ እስኪሞላ አዳማ ላይ ወረድኩ። የዚህ አገር አቧራ እንደኛ ሰፈር አይምሰልሽ፤ ሰው ይውጣል። ጥለቴ እንዳይቆሽሽብኝ ብዬ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩት። ሞኝነቴን እዪልኝ!

ጥቁር ለብሳ ነጠላ ያዘቀዘቀች ሴት ሲያዩ፣ ጣቢያው አጠገብ ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡት ሴቶች በሙሉ ብድግ አሉ። በድሪያ የምትባል የጨርቅ ነጋዴ እጄን ይዛ «አላህ ያጽናሽ እህቴ፣ ማን ሞተብሽ?» አለችኝ። ለማማር ነው ለማለት አፈርኩ። አፌ ላይ የመጣልኝ ያንቺ ስም ነው።

እንዴት ያለ ለቅሶ ተለቀሰልሽ መሰለሽ! እኔም ከነሱ ላለማነስ እዬዬ አልኩ። ትንሽ ቆይታ በድሪያ ዕንባዋን ጠረገችና እጅጌዬን ዳሰስ አድርጋ «ይቺ ሐር ከየት ተገዛች?» አለች። ባቡሩ እስኪጮህ ስለ ሐርና ስለ ሽቶ ስናወራ አንቺ ተረሳሽ።

የፖስታ ካርዱ መጻፊያ ቦታ አለቀብኝ። እማማን ሳሚልኝ፤ በዚህ በኩል ስታልፊ ስምሽን ለማንም እንዳትነግሪ። በዚያ ሁሉ ውሸት መሃል ግን አንድ እውነት ተናግሬያለሁ፤ በድሪያ «ሟቿ ምን ትወድ ነበር?» ብትለኝ «ይቺን ቀሚስ» አልኳት።

አልቃሽሽ አሰለፈች