አውራ ጣቴ የለመደው

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንዴት ከረምክ? መቼም ደህና ነህ፤ አንተን ክፉ አይነካህም። እኔም ደህና ነኝ፤ አይደለሁም ብልህስ ምን ልታደርግልኝ?

ጠይቀኸኝ አታውቅም እንጂ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ አይጥ ተንከባካቢ ነኝ። አይጦቹ ዘረመላቸው ተነካክቶ የተወለዱ ስለሆኑ በልዩ መብራት ሲታዩ ሰውነታቸው አረንጓዴ ያበራል። ከሌላ አይጥ የተወሰደ ካንሰር ጎናቸው ላይ ይተከላል፤ እሱ አያበራም። እያደገ ሲሄድ ግን ውስጡ አረንጓዴ ክር ይታያል፤ ለካ አይጧ ራሷ የደም ሥር ዘርግታ ትቀልበዋለች! «የገዛ ሥጋዋ ከዳት» ስለው፣ ተመራማሪው «የሥጋ ነገር እንዲህ ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ አንተ ትዝ አልከኝ።

የኔ ሥራ ጠዋት ጠዋት ጎናቸውን በአውራ ጣት እየዳበስኩ እብጠቱ መያዝ አለመያዙን መናገር ነው። ጣቴ ለምዶታል፤ የሩዝ ፍሬ ብታህል እንኳ አታመልጠውም።

ሰሞኑን ገላዬን የምታጠበው በባዶ እጄ ሳይሆን በወፍራም ፎጣ ነው። ሳሙናው እጄን እየበላኝ ነው።

እማዬ ስትታመም «ለእህቴ አትንገሯት፣ ትደነግጣለች» ብለህ ከእኔ አስደበቅክ፤ የጠራኸኝ ለለቅሶ ብቻ ነው። ይቅር አላልኩህም፤ ወደፊትም አልልህም። ግን ሐኪም ቤት ያመላለስካት አንተ ነህና አንድ ነገር መልስልኝ፦ እብጠቱን መጀመሪያ ያገኘችው በየትኛው ብብቷ ሥር ነበር? ሲነኩትስ ያማት ነበር ወይስ አያማትም?

ሴት ልጅህን ሳምልኝ። ላንተ ሰላምታ የለኝም፤ መልሱን ግን ቶሎ ላክልኝ።

ታናሽ እህትህ